ኢንሱሊን ቤት ውስጥ አወጋግ፦ ከቆዳ በታች፣ ከጡንቻ በላይ

ኢንሱሊን "አልሰራልኝም" ከሚሉ ሰዎች ውስጥ የብዙዎቹ መድኃኒት በደንብ ይሰራል። የማይሰራው የሚወጉበት ቦታ ነው። ዓመት ሙሉ እዚያው እምብርታቸው አጠገብ ሲወጉ ቦታው ደንድኖ መድኃኒቱን በአግባቡ መምጠጥ አቁሟል፣ ስኳሩ ስላልወረደ ሐኪሙ መጠን ይጨምራል፣ ከዚያ አንድ ቀን መርፌው በአጋጣሚ ደህና ቦታ ላይ ያርፍና ሰውየው በላብ ተጠምቆ ይወድቃል። ስለዚህ መጠን ይጨመርልኝ ከማለታችሁ በፊት የምትወጉበትን ቦታ በጣታችሁ ዳስሱ።

ይሄ መመሪያ በብልቃጥና በሲሪንጅ ለሚወጉ ነው። ፔን (እንደ እስክሪብቶ ያለውን መውጊያ) የምትጠቀሙም ስለ ቦታ፣ ስለ ጥልቀትና ስለ አቀማመጥ ያለውን ውሰዱ። ስንት ዩኒት እንደምትወጉ ግን እዚህ አትፈልጉ፤ እሱ የሐኪማችሁ ሥራ ነው።

መርፌው የት ነው መድረስ ያለበት?

ከላይ ስስ ሽፋን አለ። ከሥሩ ነርቭና የደም ሥር የበዛበት ወፍራሙ ቆዳ። ከዚያ ስብ። ከስቡ በታች ጡንቻ። ሁለቱ የላይኞቹ ተደምረው ውፍረታቸው 2 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፣ ቀጭን ሰው ላይም ወፍራም ሰው ላይም ብዙ አይራራቅም። የሚለያየው የስቡ ውፍረት ነው።

የሕፃናቱ የቢሲጂ ክትባት የሚሰጠው ቆዳው ውስጥ ነው፤ ለዚህ ነው ወዲያው ነጭ እብጠት የሚያወጣው። አብዛኛው የፔኒሲሊን መርፌ ደግሞ ጡንቻ ውስጥ ይገባል። ኢንሱሊን ከሁለቱም የለበትም፣ ቦታው ስቡ ነው። ከስቡ ቀስ እያለ ወደ ደም ይገባል፣ የመጠኑም የሰዓቱም ስሌት የተሰራው በዚህ ፍጥነት ነው። ቆዳው ውስጥ ካስቀራችሁት ያቃጥላል፣ ተመልሶም ይፈሳል። ጡንቻ ውስጥ ከከተታችሁት ከታሰበው ፈጥኖ ደም ውስጥ ይገባና ስኳር ያወርዳል፣ በተለይ ከወጋችሁ በኋላ በእግር ብዙ ከሄዳችሁ።

ደረጃ 1፦ ዕቃውን አዘጋጁ

1. እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። የምትወጉበት ቆዳ ንጹሕ ከሆነ አልኮል ግዴታ አይደለም። አልኮል ከቀባችሁ ግን እስኪደርቅ ጠብቁ፤ እርጥብ አልኮል ላይ መውጋት ነው "ኢንሱሊን ያቃጥላል" የሚያስብለው።
2. ብልቃጡ ፍሪጅ ውስጥ ከነበረ ከግማሽ ሰዓት በፊት አውጡት። ቀዝቃዛ ኢንሱሊን ያማል።
3. በብልቃጡ ላይ የተጻፈውን በየቀኑ አንብቡ። ስሙን፣ የሚያበቃበትን ቀን፣ "100" የሚለውን ቁጥር (በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 100 ዩኒት አለ ማለት ነው)። አዎ፣ በየቀኑ። ፋርማሲው ባለፈው ወር ከሰጣችሁ የተለየ ዓይነት ሰጥቷችሁ ሊሆን ይችላል።
4. ሲሪንጁ ላይም "100" መጻፉን እዩ። ባለ 100 ሲሪንጅ ክዳኑ አብዛኛውን ጊዜ ብርቱካናማ ነው። ባለ 40 የሚባል ደግሞ አለ፣ ብዙውን ጊዜ ክዳኑ ቀይ ነው። ባለ 100 ኢንሱሊን በባለ 40 ሲሪንጅ ብትስቡ ካሰባችሁት ሁለት እጥፍ ተኩል ትወጋላችሁ። ይሄ ሰው ይገድላል።
5. የኢንሱሊን ሲሪንጅ ካጣችሁ በተራው የ2 ወይም የ5 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ "በግምት" አትሳቡ። 10 ዩኒት ማለት የአንድ ሚሊ ሊትር አንድ አሥረኛ ነው። በዚያ ሲሪንጅ ላይ ትክክል ማንበብ አይቻልም።

መስመር አቆጣጠር ላይ እንዳትሸወዱ። በ1 ሚሊ ሊትሩ ሲሪንጅ አንዱ ትንሽ መስመር አብዛኛውን ጊዜ 2 ዩኒት ነው። በግማሽ ሚሊ ሊትሩ ላይ 1 ዩኒት ነው። የለመዳችሁት አልቆ ሌላው ዓይነት ከተሰጣችሁ "አምስተኛው መስመር" እያላችሁ በልማድ ከሳባችሁ መጠኑ እጥፍ ወይም ግማሽ ይሆናል። መስመር አትቁጠሩ፣ የተጻፈውን ቁጥር አንብቡ። ዓይናቸው ለደከመ እናትና አባት መጠኑን የሚያይ ሰው አጠገባቸው ይኑር። እሺ አላሉ እንደሆነ ቢያንስ በር ከፍታችሁ ብርሃን አስገቡላቸው።

ደረጃ 2፦ ምግቡ መድረሱን አረጋግጡ

ሬጉላር የሚባለው ጥርት ያለው ኢንሱሊንና 70/30 የሚባለው ቅልቅል የሚወጉት ምግብ ከመቅረቡ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ነው። ችግሩ የኛ ቤት "ምሳ ደርሷል" ነው። ወጡ ገና ሽንኩርት እየተቁላላ "ደርሷል" ይባላል፣ በዚህ መሀል እንግዳ ይመጣል፣ የተወጋው ሰው እጁ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ኩሽና ገብታችሁ በዓይናችሁ ሳታዩ አትውጉ። ሰርግና ለቅሶ ቤት ከሆነ ኪሳችሁ ውስጥ ስኳር ወይም ከረሜላ ሳይኖር አትሂዱ።

ጾም የምትጾሙ፣ የዐቢይ ጾምም ይሁን ረመዳን፣ ከመጀመሩ ሳምንታት በፊት ሐኪም ጋር ሄዳችሁ ሰዓቱንና መጠኑን አስተካክሉ። በራሳችሁ የጠዋቱን ዘልላችሁ የማታውን እጥፍ አታድርጉ።

ደረጃ 3፦ ቦታ ምረጡ

አራት ቦታ አለ፦ ሆድ፣ የጭን የፊትና የውጭ ጎን፣ የክንድ የኋላ ጎን፣ የመቀመጫ የላይኛው የውጭ ክፍል። ሆድ ላይ ሬጉላር በፍጥነት ይሰራል። ጭንና መቀመጫ ዘገም ይላሉ፣ ለዚህ ነው ወተት የሚመስለው ኤንፒኤች ለብቻው ሲሆን እነሱ የሚመረጡት። ክንድ ላይ ራሳችሁን ስትወጉ ቆዳውን ቆንጥጦ የሚይዝ ሌላ እጅ ስለሌላችሁ ጡንቻ ለመውጋት ቀላል ነው። ሌላ ሰው ካልወጋችሁ በስተቀር እኔ ክንድን አልመርጥም።

1. ከእምብርት ዙሪያ ሦስት ጣት ያህል ራቁ።
2. የጠዋቱን ሁልጊዜ አንድ አካባቢ፣ የማታውን ሌላ አካባቢ አድርጉ። ለምሳሌ ጠዋት ሆድ፣ ማታ ጭን። አንድ ቀን ክንድ፣ አንድ ቀን ሆድ፣ አንድ ቀን ጭን እያላችሁ በዘፈቀደ ከዘለላችሁ መድኃኒቱ የሚገባበት ፍጥነት በየቀኑ ይለያያል፣ የስኳር ቁጥራችሁም አይጨበጥም።
3. አካባቢውን በሐሳባችሁ አራት ቦታ ክፈሉት። አንድ ሳምንት አንዱን ሩብ ተጠቀሙ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ቀጣዩ እለፉ፣ በሰዓት አቅጣጫ። እዚያው ሩብ ውስጥም በየቀኑ ከትናንቱ ቀዳዳ አንድ ጣት ያህል ተነሱ።
4. ከመውጋታችሁ በፊት ዳስሱ። ጠባሳ፣ ቁስል፣ ሰንበር ያለበትን ተዉት።

የደነደነውን ቦታ እንዴት እንደምታገኙት ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም በዓይን ብቻ ብዙ ጊዜ አይታይም። ገላችሁን ስትታጠቡ እጃችሁ ሳሙና እንዳለበት በሁለት ጣት የምትወጉበትን አካባቢ ቀስ ብላችሁ አሹ። ደህናው ቆዳ በጣታችሁ መሀል በቀላሉ ይቆነጠጣል፣ ስስ ነው። የተጎዳው ግን ጠንከር ያለ፣ ወይም እንደ ጎማ የሚነጥር፣ አንዳንዴ እንቁላል የሚያክል እብጠት ይሆናል፤ ልትቆነጥጡት ብትሞክሩ አይነሳላችሁም። እዚያ ስትወጉ አያምም። ሰው የሚወደው ለዚህ ነው፣ ጣጣውም እዚህ ላይ ነው። ያንን ቦታ ለወራት አሳርፉት።

ማስጠንቀቂያ፦ ከደነደነ ቦታ ወደ ደህና ቦታ ስትዛወሩ ያው መጠን ከበፊቱ በላይ ይሰራል። ስለዚህ ከመዛወራችሁ በፊት ለሐኪማችሁ ወይም ለነርሷ ንገሩ፣ መጠን ሊቀንሱላችሁ ይችላሉ። በነዚያ ቀናት ስኳራችሁን ደጋግማችሁ ለኩ።

ደረጃ 4፦ መድኃኒቱን እዩና አዋህዱ

ሬጉላር እንደ ውኃ ጥርት ማለት አለበት። ደፍርሶ ወይም ቀለም ይዞ ካያችሁት አትጠቀሙበት።

ኤንፒኤችና 70/30 ወተት መሳይ ናቸው፣ ሲቀመጡ ነጩ ከታች ይዘቅጣል። ብልቃጡን በሁለት መዳፋችሁ መሀል 10 ጊዜ አንከባሉት፣ ከዚያ 10 ጊዜ ቀስ ብላችሁ ገልብጡ መልሱ። አትነቅንቁት፣ አረፋ ይሞላባችኋል። ሳያዋህዱ መሳብ ማለት አንድ ቀን ስስ፣ አንድ ቀን ወፍራም መድኃኒት መውጋት ነው። አዋህዳችሁም ፍርፋሪ ከታየ ወይም የብልቃጡ ግድግዳ ላይ ነጭ ነገር እንደ ውርጭ ከተለጠፈ ተበላሽቷል። ጣሉት።

ደረጃ 5፦ ሳቡ

1. የብልቃጡን ጎማ በአልኮል ጥረጉ፣ ይድረቅ።
2. ልትወጉት ያሰባችሁትን ዩኒት ያህል አየር ወደ ሲሪንጁ ሳቡ።
3. መርፌውን ጎማው ላይ ውጉና አየሩን ግፉ። ይሄን ካልዘለላችሁ ብልቃጡ መድኃኒቱን አይይዝባችሁም፣ መግፊያውም አይከብዳችሁም።
4. ብልቃጡን ገልብጡ። የመርፌው ጫፍ ፈሳሹ ውስጥ መሆኑን እያያችሁ ከመጠናችሁ ትንሽ አሳልፋችሁ ሳቡ።
5. አረፋ ካለ ሲሪንጁን በጣታችሁ መታ መታ አድርጉ፣ ወደ ላይ ይወጣል። ከዚያ እስከ ትክክለኛው መስመር መልሳችሁ ግፉ። ትንሽ አረፋ ከቆዳ ሥር ቢገባ አይገድልም፣ ግን የመድኃኒቱን ቦታ ስለሚይዝ መጠኑ ይጎድላል።

ሁለት ኢንሱሊን አንድ ሲሪንጅ ውስጥ የምታቀላቅሉ ከሆነ (ሬጉላርና ኤንፒኤች) ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦

1. ለነጩ የሚሆነውን አየር ነጩ ብልቃጥ ውስጥ ግፉ። መድኃኒት ሳትስቡ መርፌውን አውጡ።
2. ለጥርቱ የሚሆነውን አየር ጥርቱ ብልቃጥ ውስጥ ግፉ፣ እዚያው ገልብጣችሁ ጥርቱን ሳቡ፣ አረፋውን ጨርሱ።
3. ወደ ነጩ ተመለሱና እስከ ድምሩ ድረስ ሳቡ። ለምሳሌ 6 ጥርትና 14 ነጭ ከታዘዘላችሁ፣ መጨረሻ ላይ መግፊያው 20 ላይ ይቆማል።
4. ወዲያው ውጉ።

ነጩን ስትስቡ ካለፈባችሁ ወደ ብልቃጡ መልሳችሁ አትግፉ፤ አሁን ሲሪንጁ ውስጥ ያለው ቅልቅል ነው። ሁሉንም ጣሉና ከመጀመሪያው ጀምሩ። ያሳዝናል፣ መድኃኒቱ ውድ ነው፣ ግን ሌላ መንገድ የለውም።

ከውጭ ዘመድ ኢንሱሊን የላከላችሁ ይሄን በደንብ አንብቡት። ላንተስና መሰሎቹ ቀኑን ሙሉ የሚሰሩ ሆነው ሳለ ጥርት ያሉ ናቸው፣ መልካቸው ቁርጥ ሬጉላር ነው። "ጥርት ያለው የምግብ ነው" ብላችሁ እንዳትወጉት፣ ከማንኛውም ኢንሱሊን ጋርም አንድ ሲሪንጅ ውስጥ አትቀላቅሉት። በአሜሪካና በአውሮፓ ከባለ 100 የወፈሩ፣ ባለ 200ና ባለ 300 የሆኑ ፔኖችም አሉ። ከፔን ውስጥ በሲሪንጅ መሳብ የሚባል ነገር አይሞከር። የተላከላችሁን ይዛችሁ መጀመሪያ ሐኪም ጋር ሂዱ።

ደረጃ 6፦ ውጉ

1. ቁጭ በሉ። ቆዳውን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ብቻ ቆንጥጣችሁ አንሱ። በሙሉ እጅ ጨምድዳችሁ ከያዛችሁ ጡንቻውም አብሮ ይነሳል።
2. አቅጣጫውን በመርፌው ርዝመት ወስኑ። 6 ወይም 8 ሚሊ ሜትር ከሆነና ሆዳችሁ ስብ ካለው ቀጥ አድርጋችሁ አስገቡ። ቀጭን ሰው ወይም ልጅ ከሆነ 45 ዲግሪ አጋድሙት። 12.7 ሚሊ ሜትር የሆነውን ረጅሙን መርፌ ሁሉም ሰው ቆንጥጦና አጋድሞ ይውጋበት።
3. በፍጥነት አስገቡ። የሚያመው እያመነቱ ማስገባት ነው።
4. መግፊያውን ቀስ ብላችሁ እስከ መጨረሻው ግፉ። ቆዳውን እንደቆነጠጣችሁ ቆዩ።
5. እስከ 10 ቁጠሩ። በሲሪንጅ ብዙ ባያስፈልግም አይጎዳም፣ በፔን ግን የግድ ነው።
6. በገባበት አቅጣጫ ሳብ አድርጋችሁ አውጡ፣ ከዚያ ቆዳውን ልቀቁ።
7. አትሹት። በሙቅ ፎጣም አትያዙት። ሁለቱም መድኃኒቱን ያፈጥኑታል።

በልብስ ላይ አትውጉ። ሰው ፊት አፍራችሁ ነው? ሽንት ቤት ግቡ፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ደረጃ 7፦ መርፌውን አስወግዱ

ደንቡ አንድ መርፌ ለአንድ ጊዜ ነው። መርፌ ጠፍቶ የራሳችሁን መርፌ ለመድገም ከተገደዳችሁ ወዲያው ክደኑት፣ ጫፉን በአልኮል አትጥረጉት (ለስላሳ ሽፋኑ ይነሳል)፣ ከደነዘዘ ወይም ከታጠፈ ወይም ሌላ ነገር ከነካ ጣሉት። ለሌላ ሰው ግን በፍጹም፣ ባልም ሚስትም ቢሆኑ። የደነዘዘ መርፌ ደጋግሞ መውጋት ቆዳውን ከሚያደነድኑት ነገሮች አንዱ ነው።

የተጠቀማችሁበትን የበረኪና ዕቃ ውስጥ ክተቱ። የሃይላንድ ላስቲክ ስስ ስለሆነ መርፌው ይበሳዋል። ሦስት አራተኛ ሲሞላ ክዳኑን አጥብቃችሁ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ፌስታል ውስጥ ከጓዳ ቆሻሻ ጋር አትጣሉ፣ ቆሻሻ የሚያነሱት ልጆች በእጃቸው ነው የሚያነሱት።

አንድ ነገር ሲበላሽ

*ነጭ እብጠት ወጣና አቃጠለ።* ላይ ላይ ነው የወጋችሁት። ዛሬ አትድገሙት፤ ነገ ትንሽ ቀና አድርጉና መርፌውን እስከ ሥሩ አስገቡት።

*ጠብታ ተመልሶ ፈሰሰ።* ስንት እንደፈሰሰ ስለማታውቁ ተጨማሪ አትውጉ። ስኳራችሁን ከወትሮው በላይ ለኩ። በየቀኑ የሚፈስ ከሆነ ቶሎ እያወጣችሁት ነው፣ ወይም ቦታው ደንድኗል።

*ደም ወጣ።* ትንሽ የደም ሥር ነክታችኋል። በጥጥ ጫን አድርጋችሁ ያዙ። ምንም አይደለም።

*መውጋት አለመውጋቴን ረሳሁ፣ ልድገም?* አትድገሙ። ስኳር ለኩ፣ ከተወሰነ ሰዓት በኋላ እንደገና ለኩ፣ ጤና ባለሙያ ጠይቁ። ለወደፊቱ በፍሪጁ በር ላይ ወረቀት ለጥፉና እንደወጋችሁ ምልክት አድርጉ። አንድ መጠን ካመለጣችሁም በሚቀጥለው ሰዓት እጥፍ አትውጉ።

*የጠዋቱንና የማታውን አቀያየርኩ፣ ወይም ብዙ ወጋሁ።* ሳይወርድ በፊት ብሉ፣ በየግማሽ ሰዓቱ ለኩ፣ ወዲያው ሐኪም ቤት ደውሉ ወይም ሂዱ። "ደህና ነኝ" ብላችሁ ብቻችሁን እንዳትተኙ፤ ኤንፒኤች ከወጉት ከ4 ሰዓት በኋላ ጀምሮ ነው ጉልበቱ የሚበረታው።

*ታምሜ ምግብ አልበላም።* ኢንሱሊኑን በራሳችሁ አታቋርጡ፣ በተለይ ከልጅነት ጀምሮ ኢንሱሊን ላይ ያላችሁ። ሲታመሙ ስኳር ሳይበሉም ይወጣል። ደውላችሁ መጠን አስተካክሉ። ጸበል ስትሄዱም ብልቃጡ አብሯችሁ ይሂድ፤ መድኃኒት አቁሞ ጸበል ቦታ ላይ ትውከትና ትንፋሽ ማጠር የጀመረው ሰው በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ አለበት።

ስኳር ሲወርድ

ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ድንገተኛ ርሃብ፣ መነጫነጭ፣ ዓይን ብዥ ማለት። መለኪያ ካላችሁ ከ70 በታች ነው። ከሌላችሁ መለኪያ ፍለጋ ጊዜ አታባክኑ።

1. ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ ጠጡ፣ ወይም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ። "ስኳር የሌለው" የሚለው አይሠራም።
2. 15 ደቂቃ ጠብቃችሁ ለኩ። ካልተነሳ ድገሙት።
3. ሲነሳ ዳቦ ወይም እንጀራ ብሉ።

ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ምንም አታድርጉ፣ ማርም ሆነ ለስላሳ፤ ይታነቃል። በጎኑ አስተኙትና ወደ ሆስፒታል አድርሱት። ይሄን የቤቱ ሰው፣ ሠራተኛዋም ጭምር፣ ማወቅ አለበት፤ ራሱን የሳተው ሰው ማስረዳት አይችልም።

አቀማመጥ

ያልተከፈተው ፍሪጅ ውስጥ፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ። መሀለኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከኋላው ግድግዳ ራቅ አድርጋችሁ። ፍሪዘር ውስጥ ፈጽሞ አይገባም፤ አንዴ የቀዘቀዘና በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይሰራም፣ መልኩ ግን ደህና ሊመስል ይችላል።

የተከፈተው ከ30 ዲግሪ በታች በሆነ ጥላ ቦታ ለ28 ቀን ያህል ይቆያል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከተማ ቁም ሳጥን ውስጥ ይበቃዋል። የከፈታችሁበትን ቀን ብልቃጡ ላይ ጻፉ፤ ገና ግማሽ ስላለው ብቻ ከቀኑ አታሳልፉት።

ቆላ አካባቢ ያላችሁ፣ ወይም መብራት ለሰዓታት የሚጠፋባችሁ፣ በሸክላ መላ አበጁ። ትልቅ ማሰሮ ውስጥ ትንሽ ማሰሮ አስቀምጡ፣ መሀላቸውን በአሸዋ ሙሉ፣ አሸዋውን ጠዋትና ማታ አርጥቡ። ኢንሱሊኑን ውኃ በማያስገባ ላስቲክ ጠቅልላችሁ ትንሹ ውስጥ ክተቱ፣ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኑት፣ ንፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር ይቀመጥ። አየሩ ደረቅ ከሆነ በደንብ ያቀዘቅዛል፤ ወበቅ ባለበት አካባቢ ግን ያን ያህል አይጠቅምም።

በአውሮፕላን ስትሄዱ ኢንሱሊኑ በእጅ ሻንጣችሁ ይሁን፣ ከሐኪም ወረቀቱ ጋር። ከታች የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ በረዶ ሊሆን ይችላል፣ ሻንጣም ይጠፋል። በመኪና ስትጓዙ ፊት ለፊት ፀሐይ የሚመታው መስታወት ሥር አታስቀምጡት። ከበረዶ ጋር የምትይዙት ከሆነ በረዶውና ብልቃጡ እንዳይነካኩ መሀላቸው ፎጣ ይግባ። ባሕር ማዶ ስትደርሱ የሰዓት ልዩነት ስለሚኖር የመጀመሪያዎቹን ሁለት መርፌዎች በስንት ሰዓት እንደምትወጉ ከመነሳታችሁ በፊት ከሐኪማችሁ ጋር በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ።